የወጪ ዘዴና የእርጅና ቅናሽ፦ በባሕር ዳር ስለ ቤት ግምት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለባንክ ብድር፣ ለውርስ ክፍፍል፣ ለመድን ወይም ለካሳ ቤታቸውን የሚያስገምቱ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የወቅቱ ዋጋ አድርጋችሁ አትውሰዷቸው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የወጪ ዘዴ የሚባለው ምንድን ነው?

ገማቹ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ይህ ቤት ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ ስንት ይፈጃል? ያለው ቤት ከአዲሱ ምን ያህል ያንሳል? ቦታው ወይም የይዞታ መብቱ ለብቻው ስንት ያወጣል? ከመጀመሪያው ላይ ሁለተኛው ይቀነሳል፣ ሦስተኛው ይደመራል። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተመሳሳይ ቦታ አግኝቶ ተመሳሳይ ቤት በ3 ሚሊዮን ብር መሥራት የሚችል ሰው ለአሮጌው ከዚያ በላይ አይከፍልም።

ዘዴው በተለይ የሚጠቅመው አዲስ ለሆኑ ቤቶች፣ እንዲሁም ብዙም ለማይሸጡ እንደ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መጋዘንና ፋብሪካ ላሉ ሕንጻዎች ነው። በከተማችን ሌላም ምክንያት አለ። በሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ በትክክል ከተከፈለው ያነሰ ስለሆነ፣ በገበያ ንጽጽር ብቻ መገመት አስተማማኝ መረጃ ያጥረዋል። ለኮንዶሚኒየም ግን የወጪ ዘዴ ደካማ ነው። አንዱን ቤት ከሕንጻው ለይቶ የሚሠራው ስለሌለ፣ እዚያ የሽያጭና የኪራይ ንጽጽር ይሻላል።

ባንኩ የገመተልኝና ለልማት ሲነሳ የተገመተልኝ ለምን ተለያየ?

ዓላማው ስለሚለያይ ነው። ባንኩ የሚፈልገው ብድሩ ባይመለስ ቤቱ አሁን ባለበት ሁኔታ ስንት እንደሚያወጣ ነው፤ ስለዚህ እርጅናው ይቀነሳል። ቦታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሳ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በቦታው ላይ ለሰፈረው ንብረት የሚከፈለው ካሳ ንብረቱን በአዲስ ለመተካት የሚያስችል መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ተነሺው በካሳው አሮጌ ቤት መሥራት አይችልምና፣ በዚህ ስሌት የእርጅና ቅናሽ ቦታ የለውም። የካሳ ግምት ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ «እርጅና» ተብሎ የተቀነሰ ነገር ካለ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለመድንም ያው አዲሱ ዋጋ ነው መሠረቱ፤ ቦታው ግን አይገባም፣ አይቃጠልምና። እንደ አዲስ ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቤት በ2 ሚሊዮን ብር መድን ቢገባለትና ውሉ ላይ የተመጣጣኝ ክፍያ አንቀጽ (መድኑ የሸፈነውን ድርሻ ያህል ብቻ ይከፈላል የሚል) ቢኖር፣ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው 500,000 ብር ነው።

ስለዚህ ለአንድ ዓላማ የተዘጋጀን ሪፖርት ለሌላ ጉዳይ አያቅርቡ። በቤተሰብ ውስጥ ለውርስ ክፍፍል የመድን ግምት ተወስዶ ጠብ ሲነሳ ማየት ያሳዝናል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ስሕተት ላይሆን ይችላል፣ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር።

ቤቱን በ1998 ዓ.ም. የሠራሁበት ወጪ ደረሰኝ አለኝ። ይጠቅማል?

ዋጋው አይጠቅምም፤ ዝርዝሩ ግን በጣም ይጠቅማል። ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ባለ ስንት ሚሊሜትር ፌሮ፣ መሠረቱ ምን ያህል እንደተቆፈረ፣ ቆርቆሮው ባለ ስንት ጌጅ እንደሆነ ከተጻፈ ገማቹ ሊያየው የማይችለውን ያሳየዋል። ለምሳሌ የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 እና 35 ጌጅ ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው አንድ ይመስላሉ፣ በዋጋም በዕድሜም ግን በጣም ይራራቃሉ።

የአዲሱ ዋጋ እንዴት ይወጣል?

ብዙ ጊዜ ስፋቱ በካሬ ሜትር ነጠላ ዋጋ ይባዛል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን ከማባዛቱ በፊት ያለው ነው።

አንደኛ ልኬቱ። ነጠላ ዋጋው በውጭ ልኬት ከተሠራ ቤቱም በውጭ ይለካል። በውጭ 12 በ10 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት የሆነ ቤት 120 ካሬ ነው። ያንኑ ቤት በውስጥ ሲለኩት፣ የመካከል ግድግዳዎቹን እንኳ ሳይቀንሱ፣ 11.6 በ9.6 ሆኖ 111.36 ካሬ ይወጣል። ልዩነቱ 8.64 ካሬ ሲሆን በካሬ 25,000 ብር ሒሳብ 216,000 ብር ነው። በረንዳ ለብቻው ተለክቶ በራሱ ዋጋ ይያዛል፤ የጣሪያ ክፈፍ አይቆጠርም።

ሁለተኛ ነጠላ ዋጋው የመቼ ነው? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች፣ ማለትም የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ አሉሚኒየም፣ ጥሩ ሴራሚክ፣ ዋጋቸው ከድንጋይና ከአሸዋ በተለየ ፍጥነት ሄዷል። ከዚያ በፊት የተዘጋጀን ሠንጠረዥ ወስዶ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጭማሪ መጨመር መሠረቱን ያጋንናል፣ ማጠናቀቂያውን ያሳንሳል።

ሦስተኛ ዋጋው ውስጥ ምን አለ? የዲዛይን ክፍያ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የቁጥጥር ወጪ፣ የተቋራጩ ትርፍና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገብተዋል ወይስ አልገቡም? ታክሱ ብቻ በ3 ሚሊዮን ብር ላይ 450,000 ብር ነው። ሪፖርቱ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልገለጸ ሁለት ግምቶችን ማወዳደር አይቻልም።

አራተኛ አፈሩ። የከተማው ብዙ ክፍል ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጠንቃቃ ሰው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ የመሙያ አፈር) ያስሞላል፣ ግሬድ ቢሙንም (ከመሠረቱ በላይ ግድግዳውን የሚሸከመውን አግዳሚ ኮንክሪት) ያጠናክራል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከመሬት በታች ነው። ድንጋያማ በሆነው ሰፈር ደግሞ አለቱ ቅርብ ስለሆነ መሠረቱ ጥልቀት አይጠይቅም፤ የፍሳሽ ጉድጓድ መቆፈሩ ግን ይወደዳል። በሁለቱም ሰፈር አንድ ነጠላ ዋጋ የሚጠቀም ገማች በአንዱ መሳሳቱ አይቀርም።

እርጅና በየዓመቱ 5 በመቶ አይደለም እንዴ?

ይህ የግብር ሒሳብ ነው። በገቢ ግብር ሕግ ለንግድ ሥራ የሚውል ሕንጻ በየዓመቱ 5 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ስለሚያዝለት በ20 ዓመት በመዝገብ ላይ ያልቃል። በተግባር ግን የ20 ዓመት የብሎኬት ቤት ሰው ይኖርበታል፣ ይከራያል፣ ይሸጣል። የሒሳብ ሠራተኛው ወጪን በዓመታት ላይ ያከፋፍላል፤ ገማቹ ደግሞ ቤቱ ዛሬ ከአዲስ ስንት እንደሚያንስ ይለካል። ሁለቱን ማደባለቅ በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ባለቤትን የበለጠ የሚጎዳ ነው ብለን እናምናለን።

እንግዲያው የእርጅና ቅናሹ እንዴት ይሰላል?

አጭሩ መንገድ የቤቱን የሚመስለውን ዕድሜ ለጠቅላላ ጠቃሚ ዕድሜው ማካፈል ነው። «የሚመስለው ዕድሜ» ከተሠራበት ዓመት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። በአንድ ዓመት ከተሠሩ ሁለት ቤቶች አንዱ በየጊዜው ቀለም ተቀብቶ፣ ጣሪያው ተለውጦ፣ ቧንቧው ታድሶ የ12 ዓመት ቤት ሊመስል ይችላል፤ ሌላው ጣሪያው እያፈሰሰ የ30 ዓመት መስሎ ይገኛል። ገማቹ ከመዝገቡ ጋር ዓይኑንም ማመን አለበት፤ ያየውንም መጻፍ አለበት። ጠቃሚ ዕድሜ ደግሞ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ያለው ጊዜ ሳይሆን በቦታው ላይ ዋጋ የሚጨምርበት ጊዜ ነው። ለኮንክሪትና ብሎኬት ቤት ከ50 እስከ 60 ዓመት እንደ መነሻ መያዝ የተለመደ ነው።

የተሻለው መንገድ ቅናሹን በየክፍሉ መበተን ነው። አንድ ጂ+0 (ፎቅ የሌለው) የብሎኬት ቤት እንውሰድ፦ 120 ካሬ በ25,000 ብር፣ በአዲስ 3,000,000 ብር፤ የሚመስለው ዕድሜ 15 ዓመት።

በመጀመሪያ ወዲያው መጠገን ያለበት ይወጣል። የተበላሸ ኮርኒስና ቀለም ለማስተካከል 90,000 ብር ይፈጃል እንበል። ቅናሹ ራሱ የጥገናው ወጪ ነው።

ቀጥሎ ከቤቱ ቀድመው የሚያልቁ ክፍሎች አሉ። ጣሪያው በአዲስ 300,000 ብር፣ ከ25 ዓመት 15ቱን ስለተጠቀመ 60 በመቶ፣ 180,000 ብር። የውኃና የኤሌክትሪክ ዕቃው በአዲስ 200,000 ብር፣ ከ20 ዓመት 10ሩን ስለጨረሰ 100,000 ብር። ድምሩ 280,000 ብር።

የቀረው መሠረቱ፣ ኮለኑ፣ ቢሙና ግድግዳው ነው። ከ3,000,000 ላይ የጥገናው 90,000 እና የጣሪያውና የውኃና ኤሌክትሪክ ዕቃው የአዲስ ዋጋ 500,000 ሲነሱ 2,410,000 ብር ይቀራል። ከ60 ዓመት 15 ማለት 25 በመቶ ነው፤ 602,500 ብር።

አካላዊ እርጅናው በጠቅላላ 972,500 ብር ሆነ። በአጭሩ መንገድ፣ የቤቱ ጠቅላላ ጠቃሚ ዕድሜ 50 ዓመት ቢያዝ፣ 15 ለ50፣ 30 በመቶ፣ 900,000 ብር ይወጣ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ትንሽ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ጣሪያውን ከ3 ዓመት በፊት ለውጦ ቢሆን የጣሪያው ቅናሽ 36,000 ብር ብቻ ይሆንና ቤቱ 144,000 ብር ይጨምራል። አጭሩ መንገድ ይህን የሚያየው ገማቹ የሚመስለውን ዕድሜ ካስተካከለ ብቻ ነው።

መጠገን ያለበትና ቀድሞ የሚያልቀው ከዋናው ድምር ላይ የሚነሳው አንድን ጉድለት ሁለት ጊዜ ላለመቀነስ ነው። ሰርቪስ ቤቱ፣ አጥሩ፣ በሩ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱና የግቢው ንጣፍም በየራሳቸው ዋጋና ዕድሜ ይሰላሉ። ሰርቪሱ 420,000 ብር ሆኖ 40 በመቶ፣ የቀረው 580,000 ብር ሆኖ 25 በመቶ ቢያረጅ፣ ቅናሾቹ 168,000 እና 145,000 ይሆናሉ። በቦታው ላይ ያለው ንብረት ሁሉ በአዲስ 4,000,000፣ ቅናሹ 1,285,500፣ የቀረው 2,714,500 ብር ነው።

ግድግዳው ተሰንጥቋል። ገማቹ ስንት ይቀንሳል?

እንደ ስንጥቁ ዓይነት ነው። ልስኑ ላይ ብቻ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር በጥገና ወጪ ያልቃል። ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድና ብሎኬቱን ራሱን የሚከፍል ስንጥቅ ግን የመሠረት እንቅስቃሴ ምልክት ነው። ከክረምት እስከ በጋ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ጥቁሩ አፈር ነው። በስንጥቁ ላይ አነስተኛ የጂፕሰም ምልክት ለጥፎ ቀኑን መጻፍና ከወራት በኋላ ማየት ርካሽ ፍተሻ ነው፤ ጂፕሰሙ ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

እንዲህ ያለውን ቤት ቀለም ቀብቶ ለገማች ማሳየት አይጠቅምም። ምክንያቱ ሳይወገድ ስንጥቁ ይመለሳል። ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ግድግዳ ሥር የሚፈስ ከሆነ አሸንዳ ማድረግና በቤቱ ዙሪያ በሲሚንቶ መከለል፣ ግድግዳ የተጠጋ ባሕር ዛፍ ካለም ማንሳት ይቀድማል። የመሠረት ጥገናው ከሚጨምረው ዋጋ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ጉድለቱ ማስጠገኑ የማያዋጣ ይባላል፤ ያኔ የጥገና ወጪው ሳይሆን የጠፋው ዋጋ ይቀነሳል።

የጭቃ ቤት ግምት አለው?

አለው። በአዲስ የመሥሪያ ዋጋው ይወጣል፦ ባሕር ዛፍ፣ ማገር፣ ጭቃና ጭድ፣ ልስን፣ ቆርቆሮ፣ የአናጢና የቀን ሠራተኛ ክፍያ። ዕድሜውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የቋሚው ግርጌና ጣሪያው። ቋሚው በቀጥታ መሬት ውስጥ ከተተከለ ምስጥና እርጥበት ከታች ይጀምሩታል፤ በድንጋይ መሠረት ላይ ካረፈ ብዙ ይቆያል። ገማቹ ግርጌውን በብረት ወጋ አድርጎ ካላየ ልስኑ ያታልለዋል።

መሠረቱ ለጂ+3 ነው የተሠራው፤ ቤቱ ግን ጂ+0 ነው። ተጨማሪው ወጪ ይታሰብልኛል?

በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ አይታሰብም። ገማቹ ያንኑ ቤት ቁርጥ አድርጎ ደግሞ የመሥራት ዋጋ ሳይሆን እኩል አገልግሎት የሚሰጥ ቤት የመሥራት ዋጋ ከተጠቀመ፣ ለጂ+0 የሚበቃውን መሠረት ነው የሚያስገባው። ለጂ+3 የወጣው ትርፍ ገንዘብ ዛሬ ለሚኖረው ሰው አገልግሎት አይሰጥም። የግንባታ ፈቃዱ የጸና፣ የከተማው ፕላን የሚፈቅድ፣ በአካባቢውም ፎቅ የሚሠራ ከሆነ ግን ገዢ ለዚያ መሠረት የሚከፍለው ነገር አለ፤ ያኔ ከትርፉ ወጪ ከፊሉ ሊቆጠር ይችላል። ፈቃዱንና የስትራክቸር ፕላኑን ያቅርቡ። በጣሪያ ላይ ለቀጣዩ ወለል የተተወው ፌሮ ለዓመታት ዝናብ ከመታው በዝገት ይቀጥናል፤ ስለዚህ በስስ የሲሚንቶ ቅብ ወይም በኮንክሪት ሸፍኖ ማቆየት ለግምቱም ለደኅንነቱም ይጠቅማል።

ከዚህ ጋር የሚመደቡ ሌሎች የአገልግሎት ጉድለቶችም አሉ፤ በመኝታ ቤት በኩል ብቻ የሚገባ ሳሎን፣ ውስጥ መጸዳጃ የሌለው ቤት፣ መኪና የማይገባበት ግቢ። መጸዳጃው በትንሽ ወጪ የሚገባ ከሆነ ቅናሹ ከዚያ ወጪ አይበልጥም።

ያልተጠናቀቀ ቤት ስንት በመቶ ደርሷል የሚባለው እንዴት ነው?

በዓይን ሳይሆን በወጪ ድርሻ። ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ የለበሰን ቤት አላፊ አግዳሚው «80 በመቶ ደርሷል» ይለዋል። የሥራ ዝርዝሩ መሠረት 18፣ የኮንክሪት ሥራ 17፣ ግድግዳ 10፣ ጣሪያ 10 በመቶ ቢል፣ የደረሰው 55 በመቶ ነው። ልስንና ቀለም 11፣ በርና መስኮት 10፣ ወለል 9፣ ኮርኒስ 4፣ ኤሌክትሪክ 5፣ የውኃና ፍሳሽ መስመር 6 በመቶ ይቀራሉ። ድርሻዎቹ ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ ማጠናቀቂያው በጣም ውድ ከሆነ የቆመው ቤት ድርሻ ይብሱን ያንሳል። ተጀምሮ ለዓመታት የቆመ ግንባታ ላይም እርጅና አለ፤ ያልተለሰነ ብሎኬትና የተጋለጠ ፌሮ ቤቱ ሳያልቅ ማርጀት ይጀምራሉ።

ጣና ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሕንጻው አዲስ ነው፤ ለምን ብዙ ተቀነሰ?

ምናልባት ምክንያቱ ከግቢዎ ውጭ ነው። የጎብኚ ቁጥር መቀነስ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የሐይቁ ዳርቻ አጠቃቀም ገደብ፣ በክረምት የሚወጣ ውኃ፣ እነዚህ ሁሉ ባለቤቱ በገንዘቡ ሊጠግናቸው የማይችላቸው ናቸው። ስሌቱ ከገቢ ይነሳል። በዚህ ምክንያት የተጣራ ገቢው በዓመት 120,000 ብር ቢያንስና ለዚያ ዓይነት ንብረት ተገቢው የትርፍ ምጣኔ 10 በመቶ ቢሆን፣ 120,000ው ለ10 በመቶ ተካፍሎ የጠፋው ዋጋ 1,200,000 ብር ይሆናል። ከንብረቱ ዋጋ 75 በመቶው የሕንጻው ከሆነ 900,000 ብሩ ከሕንጻው ይቀነሳል፤ የቀረው 300,000 የቦታው ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያጣሩ። የቦታው ዋጋ የተወሰደው እዚያው ሐይቅ ዳር በቅርቡ ከተላለፉ ቦታዎች ከሆነ የአካባቢው ችግር ቀድሞውኑ በዋጋው ውስጥ አለ፤ ደግሞ መቀነስ ድግግሞሽ ነው። ሁለተኛ፣ ችግሩ የአንድ ወቅት ከሆነ እንደ ዘላለማዊ ኪሳራ መካፈል የለበትም። ሁለት ዓመት ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ የገቢ መቀነስ ዋጋው የሁለቱ ዓመታት ኪሳራ ነው። የሐይቁን ዳርቻ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ብዙ ጊዜ ይህ ልዩነት ሳይታይ ሲቀር ነው።

መሬት የመንግሥት ከሆነ የቦታው ዋጋ ምን ማለት ነው?

የሚገመተው የመጠቀም መብቱ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ ባለይዞታው መብቱን በዋስትና ማስያዝ የሚችለው በከፈለው የሊዝ መጠን ልክ ነው። ስለዚህ የሊዝ ውሉ፣ የተከፈለበት ደረሰኝና ቀሪው ዕዳ ለገማቹ አስፈላጊ ናቸው። ካሬውን ከካርታው ላይ ያረጋግጡ፤ አጥሩ ከካርታው ወጥቶ የተሠራ ከሆነ ትርፉ ቦታ አይገመትም፣ አጥሩም ራሱ አከራካሪ ይሆናል።

ገማቹ ሲመጣ ምን ላዘጋጅ?

ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የጸደቀ ፕላን፣ የሊዝ ውልና ደረሰኝ፣ የታደሱ ክፍሎች ዝርዝር ከነዓመታቸው። ወደ ኮርኒሱ የሚያስወጣ መሰላል ይኑር፤ የጣሪያ እንጨቱን ያላየ ሰው የጣሪያውን ዕድሜ አያውቅም። የፍሳሽ ጉድጓዱን መክደኛ ያሳዩት፣ መጠኑንም ይንገሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ቢቻል ምርመራው ከክረምት መውጫ ጋር ይግጠም፤ የሚያፈስ ቦታ ያኔ በኮርኒሱ ላይ ምልክቱ ትኩስ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ቅሬታ ካለኝ ምን ላይ ላተኩር?

ጠቅላላ ድምሩ ላይ አይከራከሩ፤ መስመር በመስመር ይሂዱ። ካሬው ከልኬትዎ ጋር ይገጥማል? ነጠላ ዋጋው የመቼና ታክሱን ያካተተ ነው? ጣሪያውን የለወጡበት ዓመት ገብቷል? የተቀነሰው በመቶ ከምን እንደመጣ ተጽፏል ወይስ «እርጅና 35 በመቶ» ብቻ ተብሏል? አንድ ጉድለት በሁለት መስመር ታይቷል? ሰርቪሱ፣ አጥሩና ጉድጓዱ አሉ? የግምቱ ቀንና ዓላማ ተገልጿል? ለእያንዳንዱ ነጥብ ማስረጃዎን፣ ደረሰኝም ሆነ ፎቶ ከነቀኑ፣ አያይዘው በጽሑፍ ያቅርቡ። ምክንያቱ ያልተጻፈ በመቶ እንዲብራራ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ቤቱን በሚገባ ያየ ገማችም ለማብራራት አይቸገርም።